መጨረሻው የጎደለ መጽሐፍ

የገዛሁት በ220 ብር ነው። ሻጩ ከ300 ተነሣ፣ እኔ ከ150፤ ተጨቃጭቀን እዚያ ላይ ቆምን። ደሴ ፒያሳ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው መጽሐፍ ከሚደረድሩት ልጆች አንዱ ነው። «ኦርጅናል ነው፣ እትዬ» አለኝ በሁለት እጁ እያቀበለኝ። ሽፋኑ ያብለጨልጫል፣ ጀርባው በሙጫ ተይዟል፣ ወረቀቱ ጽድት ያለ ነጭ ነው። እዚያው መጠርጠር ነበረብኝ። ሥራዬ ልብስ ማጠብና መተኮስ ነው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ክፍል ላውንደሪ አለችኝ፤ ነጭን ከነጭ መለየት እንጀራዬ ነው። የቆየ መጽሐፍ ይወይባል እንጂ እንደ ሆቴል አንሶላ አይነጣም። ግን ካፊያ ጀምሮ ነበር፣ ልጁም ላስቲኩን ሊያጥፍ ነው፤ ከፍዬ ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬው ሄድኩ።

መጽሐፉ የጆሴፍ ኮንራድ «ኸርት ኦፍ ዳርክነስ» ነው፤ «የጨለማ ልብ» ብንለው ያስኬዳል። እንግሊዝኛውን ነው የገዛሁት። በማታ ተምሬ የእንግሊዝኛ ዲግሪ ይዣለሁ፤ ዲግሪው ካውያውን ባያስጥለኝም መጽሐፍ ያስይዘኛል። ክረምት ለእኛ ሥራ ክፉ ነው። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ልብስ አያደርቅም፣ መብራት ይሄዳል፣ ደንበኛ «መቼ ይደርስልኛል?» እያለ ይመላለሳል። መብራት ሲሄድ ካውያው ይቀዘቅዛል፣ እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። በዚህ ዓይነት በአሥራ ሁለት ቀን ጨረስኩት። ጨረስኩት ብዬ አስቤ ነበር ማለቴ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ታሪኩ እንደ ፈረንጆቹ በ1899 በአንድ የብሪታንያ መጽሔት ላይ በሦስት ክፍል ወጣ፣ በ1902 በመጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊው በትውልዱ ፖላንዳዊ፣ በሙያው መርከበኛ ነበር፤ በ1890 ራሱ ኮንጎ ሄዶ በእንፋሎት ጀልባ ላይ ሠርቷል። ያ ማለት ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ የምናልፋት ውጫሌ ላይ ውሉ በተፈረመ በዓመቱ ነው። የቤልጂጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ኮንጎን ከ1885 እስከ 1908 እንደ ግል ርስቱ ይዟት ነበር፤ እግሩ ግን አንድ ቀን አልረገጣትም። በልቦለዱ ውስጥ ማርሎ የሚባል መርከበኛ፣ ከርትዝ የተባለውን የዝሆን ጥርስ ሰብሳቢ ወኪል ከጫካው ሊያወጣ በእንፋሎት ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ይጓዛል። ከርትዝ በአውሮፓ ሳለ ሥልጣኔ አስተማሪ ነኝ ባይ ነበር፤ ማርሎ ሲደርስ ግን ቤቱን በአጥር ፈንታ የሰው ጭንቅላት የተሰካባቸው እንጨቶች ከበውታል።

እንግሊዝኛው እንደ ሐረጎ ቁልቁለት ነው፤ ይጠመዘዛል፣ አለቀ ስትሉ ሌላ መታጠፊያ ይመጣል። አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያን ይታገሡታል። እኔን የያዘኝ ሴቶቹ ናቸው። ብዙ አይደሉም፣ አንዷም በስሟ አልተጠራችም። ለማርሎ ሥራውን ያስገኘችለት አክስቱ አለች፤ ሰው የምታሠለጥን መስሏት ደስ ብሏት ትሸኘዋለች። የኩባንያው ቢሮ በር ላይ ቁጭ ብለው ጥቁር ሱፍ ክር የሚሠሩ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ ወፍራም አንዷ ቀጭን። እነዚህ ያልፋሉ። ወንዙ ዳር የቆመችው ግን አታልፍም።

ከርትዝን በቃሬዛ ተሸክመው ጀልባው ላይ ካወጡት በኋላ ነው የምትመጣው። ራሷን ቀና አድርጋ፣ ባለ ዝርዝር ጨርቅ ተከናንባ፣ ጌጧ እየተንሿሿ በወንዙ ዳር ትሄዳለች። ፀጉሯ እንደ ራስ ቁር ተሠርቷል። እስከ ጉልበቷ የናስ ገንባሌ፣ እስከ ክርኗ የናስ ሽቦ፣ አንገቷ ላይ ተቆጥሮ የማያልቅ ጨሌ። ማርሎ ደግሞ የንግድ ኩባንያ ቅጥረኛ ነውና ገላዋ ላይ ያለው ሁሉ የበርካታ ዝሆን ጥርስ ዋጋ ሳያወጣ አይቀርም ብሎ ይገምታል። ጀልባው ጎን ስትደርስ ቆማ ታያቸዋለች። ከዚያ ሁለት እጇን ድንገት ወደ ሰማይ ታነሣና ተመልሳ ጫካው ውስጥ ትገባለች።

ባቲ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ይህችን ሴት ለመሣል አይቸገርም። ጨሌዋን ደርድራ፣ አልቦዋን አጥልቃ፣ ከግመሎቹ መሃል ቀጥ ብላ የምትቆም የአፋር ሴት አይቼ ገበያውን ረስቼ የቆምኩበት ቀን አለ። ግን የባቲዋ ሴት አፍ አላት። ጨውና ቅቤ ታስማማለች፣ ትከራከራለች፣ ዋጋውን ስታሳንስባት «ሂጂ ወዲያ» ትልሻለች። ማርሎ የራሱን ሴት ይገትራታል፤ ጫካው ራሱ እንደ ነፍሱ ምስል አድርጎ የሚያያት ይመስላል ይላል። ማድነቁ ነው እንግዲህ። ሰውን ከዛፍ ጋር አስተካክሎ ማድነቅ።

ደግሞ አፍ የላትም አይደለም። እዚያው ገጽ ላይ፣ እራፊ በራፊ የለበሰው ሩሲያዊ ወጣት አንድ ነገር ያወራል። ልብሱን ሊጥፍ ከዕቃ ቤት ቁራጭ ጨርቅ አንስቶ ነበር፤ ያቺ ሴት ገብታ ስለ ጨርቁ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ እብድ ከርትዝን ትናገረዋለች፣ መሃል መሃል ላይ ልጁን በጣቷ እያሳየች። ምን አለች? ልጁ የዚያን ጎሣ ቋንቋ አያውቅምና አልነገረንም። ይህን ሳነብ ካውያዬን አስቀመጥኩ። ሰው ዕቃዋን አንስቶባት የምትቆጣ የቤት እመቤት ናት እኮ! ምናልባት ጨርቁን የቆጠረችው እሷ ናት። የአንድ ሰዓት ንግግር ተናግራ፣ አንድ ቃል እንኳ የሚተረጉምላት ጠፍቶ «እንደ እብድ» ሆና ቀረች። እኛ የውጫሌ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ትርጉም ሲጎድል ምን እንደሚያመጣ አንረሳም፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ቢፈቅዱ ነበር፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ።

በማግሥቱ ጀልባው ሲነሣ ሕዝቡ ወንዙ ዳር ይሰበሰባል። እሷ እጇን ዘርግታ የሆነ ነገር ትጮኻለች፤ ሕዝቡ ተቀብሎ ያስተጋባል። ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ሙሾ አውራጅ ናት። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። ማርሎ ከርትዝን «ይገባሃል ወይ?» ይለዋል። «እንዴት አይገባኝም!» ይላል ከርትዝ፤ ግን እሱም አይተረጉምም። ማርሎ የጀልባውን ፉጨት ይለቀዋል፣ ሕዝቡ በድንጋጤ ይበተናል። እሷ ብቻ ንቅንቅ አትልም፤ ባዶ ክንዷን ወደ ወንዙ ዘርግታ ትቀራለች። ጀልባው ላይ ያሉት፣ ማርሎ «ተሳላሚዎች» እያለ የሚያፌዝባቸው ነጮች፣ መተኮስ ይጀምራሉ። ከጭሱ የተነሣ ሌላ ነገር አላየሁም ይለናል። ሞተች? ተረፈች? የለም። ጭስ ነው።

ከዚያ ከርትዝ መንገድ ላይ ይሞታል፤ አሽከሩ ልጅ በበሩ ብቅ ብሎ በንቀት ያረዳቸዋል። የእኔ ቅጂ ገጽ 88 ላይ እዚያው አለቀ። የሚቀጥለው የጀርባ ሽፋኑ ነው።

እኔ ደግሞ ወደድኩት! በመጨረሻ የምትታየው ሐዘንተኛ የወንዟ ሴት ናት፣ የሚያረዳውም ጥቁር ልጅ ነው፣ እንዴት ያለ አጨራረስ እያልኩ ለሁለት ሳምንት ለሰው ሳወራ ሰነበትኩ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ ማርሎ ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ ውሸት ጀምሮ ይተወዋል። ከርትዝም «እጮኛዬ፣ ዝሆን ጥርሴ፣ ጣቢያዬ፣ ወንዜ» እያለ ይቆጥራል፤ እጮኛይቱ ከዕቃው ጋር መቆጠሯ አናዶኝ መጣሁ መጣሁ ስትል ጠበቅኳት። ሳትመጣ ቀረች። አንዳንድ ደራሲ እንደዚህ ነው ብዬ አለፍኩት።

የነቃሁት በደንበኛ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ሱፉን ሊወስድ መጥቶ መጽሐፉን ባንኮው ላይ አየው።

«ውሸቱን እንዴት አየሽው?» አለኝ።

«የቱን ውሸት?»

ገለጠው፣ መጨረሻው ላይ ደረሰ፣ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እትዬ፣ ይሄ መጽሐፍ ጭራው ተቆርጧል።»

ሱፉን እንደተንጠለጠለ ጥዬ ፒያሳ ወረድኩ። እዚህ ላይ ስለ አገልግሎቱ እናውራ። ሻጩ መጀመሪያ ከእኔ አልገዛሽም አለ። ቀጥሎ እኔ አላነበብኩት በምን አውቃለሁ አለ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ገንዘብ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ሲያየኝ እንደማልሄድ ገባውና ስልኩን አወጣ፤ የመጽሐፉ ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ አለው። የጎደለውን አትሜ እሰጥሻለሁ ብሎ ለሳምንት ቀጠረኝ። በሳምንቱ 14 ገጽ ሰጠኝ፣ በገጽ 5 ብር ጠየቀኝ። ስሜቴን መናገር አያስፈልግም። ተከራክረን ግማሹን ቻለው፤ 35 ብር ከፈልኩ። ስለዚህ የመጽሐፉ ዋጋ 255 ብር ሆነ። ጸሐፊው በ1924 ነው የሞተው፣ የባለቤትነት መብቱ ካለቀ ቆይቷል፤ ማባዛቱን አልቃወምም። አባዝቶ «ኦርጅናል» ማለቱንና ጭራውን መቁረጡን ነው። ለልጁ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ አሁን በዚያ ሳልፍ «እትዬ፣ ገጽ ቆጥሬ ነው የምሸጠው» ይለኛል። ይቆጥር አይቆጥር አላየሁም።

ገጾቹን ስጠብቅ ከመጀመሪያው እንደገና አነበብኩት። ያን ጊዜ ነው ሦስተኛዋን ያገኘኋት። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አለች፤ በዓረፍተ ነገር ተኩል ውስጥ። ማርሎ ወንዙ አፍ አጠገብ ያለው ጣቢያ ሲደርስ፣ ሰዎች ከሥራና ከረኃብ ብዛት ዛፍ ሥር ወድቀው ሲሞቱ ያያል። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ የኩባንያውን ሒሳብ ሹም ያገኘዋል። በአሚዶ የቆመ ከፍ ያለ ኮሌታ፣ ነጭ የእጅ ጫፍ፣ በረዶ የመሰለ ሱሪ፣ የተወለወለ ጫማ። ማርሎ በአድናቆት፣ ይህን ልብስ እዚህ እንዴት ትይዘዋለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው ትንሽ ቀላ ይልና፣ ጣቢያው አካባቢ ካሉት የአገሬው ሴቶች አንዷን አስተምሬ ነው ይላል። አስቸጋሪ ነበር፣ ሥራውን አትወደውም ነበር ይላል። አለቀ። ከዚያ በኋላ የለችም።

መምህሩ ይህችን ሴት አላስተዋላትም፤ ስነግረው ገለጠና አየ። እኔ ግን ኮሌታ አውቃለሁ። አሚዶው ከበዛ ኮሌታው እንደ ቆርቆሮ ይሆንና መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ይዝላል። ካውያው ካለፈ ነጩ ላይ ሻይ የፈሰሰ ይመስላል፣ ያ ደግሞ አይለቅም። እኔ ይህን የተማርኩት በኤሌክትሪክ ካውያ፣ ደሞዝ እየተከፈለኝ ነው፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዓመት ጠልቼዋለሁ፣ ነሐሴ ሲመጣ ጣቴ ይሰነጠቅ ነበር። እሷ ከሰል ከየት አመጣች? በዚያ እርጥበት፣ በዚያ ጭቃ፣ ባሏና ወንድሞቿ ዛፍ ሥር ወድቀው ይሆናል እኮ። «አትወደውም ነበር» የምትለዋ ቃል መጽሐፉ ውስጥ ስለ አፍሪካዊት ሴት ሐሳብ ከተነገሩት ሁሉ ለእኔ የምታስተማምነዋ ናት። ሰውየው እንደ ቅሬታ ነው የተናገራት። እኔ እንደ እምቢታ ነው የሰማኋት።

14ቱን ገጽ ያነበብኩት አክስቴ ቤት፣ ቡና ላይ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናቸው። እሳቸው እስላም ናቸው፣ እናቴ ክርስቲያን ናት፤ በእኛ አገር ይህን የሚያብራራ ሰው የለም። እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ታሪክ ግን ሲጎድል ያውቃሉ። አቦሉን ቀድተው «በይ ንገሪኝ» አሉኝ። አንድ ገጽ አነባለሁ፣ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

እጮኛይቱ መጣች። ከተማው በስም አይጠራም፣ ብራስልስ መሆኑ ያስታውቃል። ሊመሽ ሲል ነው፤ ክፍሉ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የእብነ በረድ ምድጃው ቀዝቃዛ፣ ጥጉ ላይ እንደ ተወለወለ የሬሣ ሣጥን የተቀመጠ ትልቅ ፒያኖ። ጥቁር ለብሳ ትመጣለች፤ በድንግዝግዙ ውስጥ የምትታየው ገርጥቶ የሚንሳፈፍ ፊቷ ብቻ ነው። ከርትዝ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሐዘኗ ግን የትናንት ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ከል የገባ ልብስ ይመጣልኛል። ሰው የሞተበት ቤተሰብ ነጠላውንም ቀሚሱንም ጥቁር ሊያስነክር ያመጣል፤ መጀመሪያ ሲታጠብ ውኃው እንደ ቡና አተላ ነው የሚወርደው፣ ሦስተኛና አራተኛ ላይ እየጠራ ይሄዳል፣ በዓመቱ አካባቢ ጥቁሩ ራሱ አመድማ ይሆናል። ከዚያ ተዝካሩ ይወጣል፣ ዘመድ ተሰብስቦ «በቃሽ» ይላታል፣ ከሏን ታወልቃለች። ለዚህች ልጅ «በቃሽ» የሚላት የለም። ጥቁሯ ዓመት አልፎት አልወየበም። ሐዘኗ አልታጠበም ብዬ ለአክስቴ ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ትናገራለች ደግሞ፤ የወንዟ ሴት ያላገኘችውን ሁሉ ይህችኛዋ ታገኛለች። ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ ትላለች፤ ማርሎ አዎ ይላል። ታላቅ ሰው ነበር ትላለች፤ አዎ ይላል። እሷ ዐረፍተ ነገሩን ትጀምራለች፣ እሱ ይጨርሰዋል፤ አንዳንዴም እሱ ይጀምርና እሷ ከአፉ ነጥቃ ትጨርሰዋለች። አንዲት እውነት ግን በመሃላቸው አላለፈችም። በመጨረሻ፣ ይዤው የምኖረው ነገር እፈልጋለሁ፣ የመጨረሻ ቃሉን ንገረኝ ትለዋለች። ማርሎ መጀመሪያው ክፍል ላይ ውሸት የሞት ሽታ አለው፣ እጠላዋለሁ ብሎ ነበር።

«ምን ብሎ ነበር በእውነት?» አሉ አክስቴ።

«‹ዘግናኝ! ዘግናኝ!› ነው ያለው።»

«እሷን ምን አላት?»

«የመጨረሻ ቃሉ ስምሽ ነበር አላት።»

አክስቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እና ስሟ ዘግናኝ ሆነ?» አሉ። «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ የሰው ኑዛዜ ለወጠ።»

እውነታቸውን ነው፤ ልክ በዚያ ቃል ቦታ ነው ስሟን ያስገባው፣ ስሟን ደግሞ እኛ አናውቀውም። ልጅቷ አለቀሰች፣ አውቀው ነበር ብላ ጮኸች። እኔ አዘንኩላት፣ አክስቴ ግን ማርሎን አልለቀቁትም። ሰው ብቻውን፣ በመሸ፣ ዘመድ ሳይዝ ይሄዳል? መርዶ ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ፣ የሚይዛት ሴት በር ላይ አስቀምጦ ነው። መሞቱን እንኳ ቀድማ ሰምታለች፣ የመጣው ዕቃና ቃል ሊያደርስ ነው ብዬ ብከራከር «ቃል ማድረስም መርዶ ነው» አሉ።

የጎደሉት ገጾች ውስጥ ግን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። እጮኛይቱ ስታወራ መሃል ላይ የሚርቅ ሰው እንደምትይዝ ሁለት እጇን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ትዘረጋለች። ማርሎ ያን ጊዜ ያቺኛዋን ያስታውሳል፤ ወንዙ ላይ ቡናማ ክንዷን የዘረጋችውን። ራሱ ነው የሚያመሳስላቸው። ይህን ሳላነብ ስለ ወንዟ ሴት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳወራ ከርሜያለሁ! አንዱ ክንድ ናስ ተጠምጥሞበታል፣ አንዱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የሚዘረጉት ወደ አንድ ሰው ነው። ወንዟ ዳር ያለችው ገላዋ ላይ የዝሆን ጥርስ ዋጋ ይቆጠራል፤ በዚያ ዘመን የፒያኖ ቁልፍም የሚለበጠው በዝሆን ጥርስ ነበር። ይሄን የመጨረሻውን መጽሐፉ አይለውም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቸቤ በ1975 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ኮንራድን ዘረኛ ብሎታል፤ እነዚህን ሁለት ሴቶችም አንስቷል፣ ለአውሮፓዊቷ የሰው አንደበት ተሰጣት፣ አፍሪካዊቷ ተነፈገች ብሎ። መምህሩ ይህን ሲነግረኝ ልክ ነው አልኩ፣ አሁንም ልክ ነው እላለሁ። ግን የተሰጣት አንደበት ምን ጠቀማት የሚለው ይቆረቁረኛል። ማርሎ አንድ ቦታ ላይ ሴቶች ከዚህ ነገር ውጭ መሆን አለባቸው፣ በዚያ በሚያምረው ዓለማቸው እንዲቆዩ እናግዛቸው ይላል። ውሸቱ የዚያ እገዛ ነው። ለወንዟ ሴት ግን ማንም አልዋሸላትም፤ ትጎዳለች ብሎ ያሰበላት ስለሌለ። አጣቢዋ ላይማ ሐሳቡም አልደረሰም። ኮንራድ ይህን ሁሉ አስቦ ነው የሠራው ወይስ አምልጦት ነው? ሦስቴ አንብቤው አልወሰንኩም። ለዚህ ነው መጽሐፉን የማልጥለው፣ ስለ ጥቁር ሰው የሚናገርበት አንዳንድ ቦታ እያቅለሸለሸኝ እንኳ።

መግዛት ለምትፈልጉ፦ እንግሊዝኛችሁ መካከለኛ ከሆነ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር፣ የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ታገሡ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የመጨረሻውን ገጽ ግለጡት። ከኮንጎ ወጥተን፣ ማርሎ ታሪኩን ጨርሶ፣ ለንደን አጠገብ ቴምዝ ወንዝ ላይ ጀልባ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሰማዩ ሲጠቁር ሲያዩ ካላለቀ፣ ጎድሏል። ወረቀቱ እንደ አንሶላ ከነጣ ደግሞ ከ150 ብር አትለፉ።

14ቱን ገጽ ከዋናው ጋር የሰፋሁት እዚያው አክስቴ ቤት ነው። ሙጫው አይዝም፤ በወስፌ በስቼ በነጭ ድርብ ክር ጠቀምኩት። እሳቸው በረካውን ቀዱ። ዓይናቸው ደክሟልና መርፌውን እኔ አስገባሁ፣ ክሩን እሳቸው ያዙልኝ። ዝም ብለው ቆዩ፤ የጨረስነው መስሎኝ ነበር።

«ያችኛዋንስ?» አሉኝ።

«የቷን?»

«የወንዟን። እሷን ማን አረዳት?»

ገጾቹን መለስ ብዬ አገላበጥኩ።

«አልተጻፈም» አልኳቸው። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱልኝ።